ውሃም እርሾ ይፈልጋል፦ በረንዳ ላይ ዓሣና ቄጠማ

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ እንዳወራ የተጋበዝኩት በአንዲት ሰማያዊ ሳፋ ምክንያት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ጥግ ተቀምጣለች። 80 ሊትር ገደማ ትይዛለች። ውስጧ ሁለት ቀያይ ዓሣዎች፣ አንድ ማሰሮ ደንገል፣ አንድ ማሰሮ ቄጠማና አንዲት የውሃ አበባ አሉ። ሞተር የላትም፣ መብራት የላትም፣ ፏፏቴም የላትም። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው «ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣሽው?» ነው። ሁለተኛው «ለጾም ነው የምታሳድጊያቸው?»

ለዓይኔ ነው እላለሁ። ማንም አያምነኝም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች የገደልኳቸው እኔው ነኝ። ስድስት ጋፒዎች ነበሩ፤ ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጥለት የሚወዛወዝ፣ ጣት የማያክሉ። ጊዜው ኅዳር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በፌስታል ይዣቸው መጣሁ። የዚያን ቀን ፈረቃችን ሆኖ ውሃ መጥቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ሳፋዋን ከቧንቧ ሞላኋትና ለቀቅኳቸው። ማታውኑ ሁለቱ ጎናቸውን ሰጥተው ተንሳፈፉ። ማክሰኞ አንድም አልቀረም። ለሸጠልኝ ልጅ ደውዬ ልቆጣው ስልኬን አንስቼ ነበር። እንኳን አልደወልኩ! ልጁ ምንም አላጠፋም።

ሦስት ነገር ነው የጨረሳቸው። የቧንቧው በረኪና፣ ብርዱና ያልቦካው ውሃ።

በረኪናው ቀላሉ ነው። ከለገዳዲም ሆነ ከገፈርሳ የሚመጣልን ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ለእኛ ደግ አደረጉ። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው በዚያው ውሃ ስለሆነ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። መላው ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍቱን አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ነው። ክሎሪኑ ተንኖ ይሄዳል። ጀሪካን ውስጥ ከድናችሁ ሳምንት ብታስቀምጡት ግን ብዙም አይጠቅም፤ በየት ይውጣ? ውሃ ማጠራቀም ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። እኛ ቤት ባልዲው፣ በርሜሉ፣ ሳፋው ሁሉ እንደሞላ ነው የሚያድረው። በፈረቃው የተመረረ ሰው በዚህ እንኳን ይጽናና።

ያልቦካውን ውሃ ግን ረጋ ብዬ ላስረዳ። ዓሣ ቢሞትባችሁ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል። የሚጸዳዳው ደግሞ እዚያው የሚተነፍስበት ቤቱ ውስጥ ነው። ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይህን መርዝ እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ያንን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም፤ ለተክል ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ቄጠማው በሥሩ ይስበዋል። ከቧንቧ ተቀድቶ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ግን እነዚህ ሠራተኞች ገና አልገቡም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ያምራል፣ ባዶ ነው።

ይሄ እርሾ የሌለው ሊጥ ማለት ነው። ጤፍና ውሃ ደባልቃችሁ ወዲያው ምጣድ ላይ ብታፈሱት እንጀራ አይሆንላችሁም። ከባለፈው ሊጥ ያስቀራችሁትን እርሾ ትጨምራላችሁ፣ ትከድናላችሁ፣ ቀናት ትጠብቃላችሁ። ውሃም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ ሊጥ በሦስት ቀን ይቦካል፣ የዓሣ ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ባክቴሪያው ብርድ ስለማይወድ እዚህ ደጋ ላይ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

እርሾ ከጎረቤት እንደምትበደሩት የውሃውንም መበደር ይቻላል። ለዓመት የቆየ፣ ጤነኛ አኳሪየም ያለው ሰው ፈልጉ። ከሥሩ ሁለት እፍኝ ጠጠር ይስጣችሁ። እንደረጠበ በራሱ ውሃ ይዛችሁ ኑ። ቆሻሻ መስሏችሁ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት! ቡኒ ሆኖ የሚያሙለጨልጨው ነገር ነው እርሾው። ሠራተኞቹ የሚኖሩት ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ውሃውን ብቻ ብታመጡ ያን ያህል አይፈይድም።

እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ የሚያበድረኝ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ አንድ ወር ተኩል ባዶ ሳፋ ቀለብኩ። በየሁለት ቀኑ ቆንጠር አድርጌ የዓሣ ምግብ እበትናለሁ፣ እሱ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይወጣል፣ ባክቴሪያው ይራባል። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። «ዓሣዎቹ የታሉ?» ይለኛል። «ይመጣሉ» እላለሁ። ልጆቼ ጉዳዩን ለአክስታቸው በስልክ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ለባክቴሪያው ማደሪያ ደግሞ ግሩም ነገር አለን። የግንባታ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት፣ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ብትሰብሩት ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሠራተኛ ይሰፍርበታል። ሕንፃ ከሚሠራበት ሰፈር ጆንያ የማይሞላ ብትለምኑ ማንም አይከለክላችሁም። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግማችሁ እጠቡት። ሲሚንቶ የነካው እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ትኩስ ሲሚንቶ የውሃውን ባሕርይ ይለውጥና ዓሣውን ይፈጀዋል።

ስለ ዕቃው ልናገር። ሳፋዋ የመጀመሪያ ምርጫዬ አልነበረችም። የአያቴ ጋን ነበረን፣ የጠላ፣ ትልቁ። ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በፊት ጀምረው የወርቅ ዓሣ ሲያረቡ የሚያኖሩት በሸክላ ገንዳ እንደነበር አውቅ ነበር። የሚያዩትም ከላይ ሆነው ነው። የመስታወቱ አኳሪየም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ታዲያ የእኛ ጋን ምን ጎደለው? በወይራ የታጠነውን ውስጡን ሦስት ቀን ፈተግኩ፣ ሞላሁ። ምን ያህል እንዳማረ አትጠይቁኝ።

ሸክላ ያልባል። ጎረምሳ ሳለሁ የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ተምሬ ነበር፤ ላቡ ሲተን ያበርደዋል። ያንን ረስቼው ነው። ጋኑ ሌሊቱን ሙሉ አላበው። ላቡ የበረንዳውን ወለል ተከትሎ፣ በጠርዙ አድርጎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በተሰጣው የጎረቤቴ ነጭ ጋቢ ላይ ወረደ። ወይራና ጠላ የሸተተ ቡኒ ውሃ። ጠዋት በሬን ስታንኳኳ ጋቢውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጭራሽ አልተቆጣችም። «እትዬ፣ ምን እየጠመቅሽ ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ የከፋ ነገር የለም። ጋኑ አሁን ሳሎን ውስጥ ደረቁን ተቀምጧል።

ፕላስቲክ ሳፋ ወይም ግማሹ የተቆረጠ የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። ምናለሽ ተራ ብትወጡ የፈለጋችሁት ስፋት አለ። በርሜል ስትገዙ ግን ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ፣ አሽቱት። ዘይት ወይም ሌላ ምግብ የያዘ ከሆነ ደህና ነው። ኬሚካል ከነበረበት በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ክብደቱም አይናቅ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የእኔ ሳፋ ከነጠጠሩ ከነማሰሮው መቶ ኪሎ ያልፋል። እንደ አንድ ደልደል ያለ ሰው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህ ሰው ከቦታው አይነሳም። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ አስቀምጡት፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ አይሁን። ሁለትና ሦስት በርሜል ልደርድር የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ የሚያውቅ ባለሙያ በረንዳውን ይየው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ያለ ወንፊት ሽቦ መክደኛ አይሞከርም። ለሚድህ ልጅ ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፣ አንድ ስንዝር ይበቃዋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ። ኢንተርኔት ላይ ስለ በረንዳ ኩሬ የምታነቡት አብዛኛው የተጻፈው በረዶ ለሚጋገርባቸው አገሮች ወይም ለሞቃት የባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ሁለቱንም አይደለችም። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ቀን ፀሐዩ ያንገበግባል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ጋፒ ከ22 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው የሚመቸው። የእኔዎቹ በዚያ ኅዳር በረኪናውና አሞኒያው ቢምራቸው እንኳን ብርዱ አይምራቸውም ነበር።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ጠለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ 7 ገደማ ነው። ሩብ ያህሉ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ የውጭ መጽሐፍ አራት ዓሣ ካለ እናንተ ሦስት አድርጉ። ምልክቱን ማየት ከፈለጋችሁ ንጋት ላይ ውጡ። ተክሎቹም ሌሊት ኦክስጅን ሲስቡ ስለሚያድሩ የሚያንሰው ያን ሰዓት ነው። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ቧ ቧ የሚሉ ከሆነ ጠቧቸዋል።

ለአዲስ አበባ የምመክረው የወርቅ ዓሣ ነው፣ ብዙ ሰው ጎልድፊሽ የሚለው። ብርድ ይችላል። ግን ይበላል፣ ያቆሽሻል፣ ያድጋል። ለ80 ሊትር ሁለት ትንንሾች ይበቃሉ፤ ሲያድጉ ሰፋ ያለ ቤት ይፈልጋሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል ገና ሲገዛ ነው ሊታሰብበት የሚገባው። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ጋፒ አኑሩ። እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፣ ያውም በየወሩ ገደማ። ወንዱንና ሴቱን አንድ ላይ ካስቀመጣችሁ ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ጋፒ አለው ማለት ነው።

ድሬዳዋን ካነሳሁ አይቀር፣ ለቆላ ከተሞች የዓሣው ነገር ጌጥ ብቻ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፣ ሰው ያጠራቀመውን ውሃ ነው የምትወደው፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ገንዳ። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየችው 2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ስለዚህ እዚያ በረንዳ ላይ ዓሣ የሌለበት ውሃና አበባ ማኖር ትንኝ መፈልፈል ነው። ዓሣ ካለ እጯን ገና ስትንቀሳቀስ ይለቅማታል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችበት ጊዜ እዚያው አካባቢ የምትገኝ ትንሽዬ ዓሣ በከተማው የውሃ ማጠራቀሚያዎች ተለቅቃ የትንኝ እጭ ስትበላ ተጠንቷል፤ ጥናቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ተክሉ ላይ እንምጣ። እኔ በቄጠማ ነው የጀመርኩት። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ያው ቄጠማ፣ ውሃ ዳር የሚበቅል ነውና ለሳፋ ከእሱ የተሻለ ማን አለ? ችግሩ የሚሸጠው ታጭዶ መሆኑ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንዷን ሻጭ ሥር ያለው እንድታመጣልኝ ለመንኳት።

«ሥሩን?» አለችኝ።

«አዎ፣ ከነጭቃው።»

«የኔ እናት፣ ሥሩ እኮ አይጎዘጎዝም።»

«ልተክለው ነው።»

«የት?»

«በረንዳ ላይ።»

ጓደኛዋን ጠርታ ደግማ አስነገረችኝ። ሁለቱም ሳቁ። በሳምንቱ ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጉማጅ ሥር ከነአፈሩ ይዛልኝ መጣች። ገንዘብ አልቀበልም ብላ ነበር፤ በግድ ነው የሰጠኋት። ያ ጉማጅ ዛሬ ማሰሮውን ሞልቶ እየገፋው ነው።

ከወንዝ ዳር የመጣ ተክል ወዲያው ወደ ዓሣ ቤት አይገባም። የከተማችን ወንዞች ምን እንደተሸከሙ ታውቃላችሁ። ሥሩን ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ለብቻው ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ፣ ቀንድ አውጣ ካለበት ልቀሙ። ከቆላ ሐይቆች ዳር የሚመጣ ከሆነ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ስለሚችል እኔ ጭራሽ አላመጣም።

አፈሩ ዋልካ ይሁን። አዎ፣ ያ ክረምት ጫማችሁን የሚነቅለው ጥቁር አፈር! ከባድ ስለሆነ ውሃው ውስጥ አይበተንም። ፍግና ማዳበሪያ አትጨምሩበት፣ የዓሣው ኩስ ይበቃዋል። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ጠጠር አልብሱት፣ ዓሣዎቹ እንዳይቆፍሩት። ደንገሉን ከችግኝ ሻጭ ነው ያገኘሁት። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል ነው። በሐይቁ ዳር ከሰው ቁመት እጥፍ ያልፋል፤ የእኔው በማሰሮ ታስሮ፣ ብርዱም ይዞት፣ ደረቴ ላይ ቀርቷል። የውሃ አበባዋ ደግሞ ቅጠሏን ዘርግታ ጥላ ትሰጣለች። የውሃው ፊት ቢያንስ ግማሹ በቅጠል ካልተሸፈነ ፀሐዩ ውሃውን እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ያደርገዋል።

አንድ ተክል አለ፣ ማንም ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉ። እኔ ቤት በስጦታ መጥቶልኝ ያውቃል። አንዲት ወዳጄ ከመንገድ ይዛው መጣች፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ግንዱ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ አበባው ወይን ጠጅ። «ውሃ ላይ ራሱ ይንሳፈፋል፣ አፈርም አይፈልግ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እምቦጭ ነበር። ከአማዞን የመጣ ተክል ነው። ውጭ አገር ለጌጥ ኩሬ ብዙ ሰው ያሞግሰዋል፣ ውሃ ያጠራል ይሉታል። በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ላይ ታየ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲገባ፣ ገንዘብ ሲዋጣ የኖርንበትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በተመቸው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ለወዳጄ ቡና አፈላሁላት፣ እምቦጩን ግን ፀሐይ ላይ አድርቄ አቃጠልኩት። ዓሣም እንዲሁ ነው፤ ሰለቸን ተብሎ ወንዝ ወይ ግድብ ውስጥ አይለቀቅም። ሰው ስጡ።

ክረምት ሲገባ የሚያሰጋው ዝናቡ ነው። ሳፋው ሞልቶ ሲፈስ ዓሣው አብሮ ይወርዳል፤ የታችኛዋ ጎረቤቴ ደግሞ ከእኔ ያየችው ይበቃታል። ከአፉ አራት ጣት ዝቅ ብላችሁ ቀዳዳ ብሱ፣ በወንፊት ሸፍኑት፣ ትርፉ በቱቦ ወደ ፍሳሹ ይሂድ። በረዶ ሲዘንብ የውሃ አበባዋ ቅጠል ይበሳሳል፣ ግድ የለም፣ ይተካል። ጭልፊትም አለ። ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ሥጋ ከሰው እጅ የሚነጥቅ ወፍ ቀይ ዓሣ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ለዚህ ነው ደንገሉን ወደ ውጭ፣ ዓሣዎቹ የሚበሉበትን ወደ ግድግዳው ያደረግኩት።

የቀረው ሥራ ትንሽ ነው። በሳምንት አንዴ አሥር ሊትር ያህል እቀዳለሁ፣ ባደረ ውሃ እተካለሁ። የተቀዳው ውሃ ለበሶብላውና ለጤና አዳሙ ነው። እስካሁን ሌላ ማዳበሪያ አልገዛሁላቸውም። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ። ዓሣ ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል። አትመኑት።

እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናት ቅድም ሻይ ላይ፣ ለመስቀል አገር ቤት ስሄድ ማን ይቀልባቸዋል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ማንም። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ሳይበላ ይቆያል፤ የትንኝ እጩንም፣ ሳፋው ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ ሽበትም ለቃቅሞ ይኖራል። የሚጎዳው መራቡ ሳይሆን ደግ ሰው ነው። እኔ ስሄድ ቁልፌን የምሰጠው ለዚያችው ባለጋቢ ጎረቤቴ ነው። ውሃው ከጎደለ ባደረው እንድትሞላ፣ ምግብ ግን እንዳትሰጥ አደራ እላታለሁ። «እሺ፣ እሺ» ትለኛለች። በተመለስኩ ቁጥር የውሃ አበባዋ ቅጠል ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አገኛለሁ።